የሚያንኳኳ ሞተር ብሮንዚን ብቻ ቢቀየርለት ይድናልን?

የአንድ ከተማ መኪናዎች ምን ያህል እንዳረጁ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው መዝገብ ቤት ድረስ መሄድ አያስፈልገውም። ማለዳ በመንገድ ዳር ቆሞ ጆሮውን ቢያቀና ይበቃዋል። ለዚህም ከአያት አደባባይ የተሻለ ስፍራ ማግኘት ያስቸግራል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር በምሥራቅ በኩል የመጨረሻ ጣቢያው አያት ስለ ሆነ፣ ከዚያ ወዲያ ወደ ጣፎና ወደየመንደሩ የሚሄደውን ሕዝብ የሚያደርሱት ሚኒባሶች በዚያ ዙሪያ ሲነሡና ሲቆሙ ይውላሉ። ከእነርሱም መካከል አንዳንዱ ገና ሲነሣ «ኳ፣ ኳ፣ ኳ» የሚል ከሆዱ የሚወጣ ድምፅ ያሰማል። ተሳፋሪው ልብ አይለውም። ሾፌሩ ግን ይሰማዋል፤ ሰምቶም ሬድዮኑን ከፍ ያደርገዋል።

መካኒኮች ይህን ድምፅ ሲሰሙ «ብሮንዚን ነው» ይላሉ። ባለ መኪናውም ድምፁ ሬድዮን የሚበልጥበት ቀን ሲደርስ ወደ ጋራዥ ይገባና «እንግዲያው ብሮንዚኑን ቀይሩልኝ» ይላል። ብዙ ገንዘብና ብዙ የሥራ ቀን የሚጠፋው በዚህች አጭር ትእዛዝ ምክንያት መሆኑን ለአንባቢዎቻችን ማስረዳት የዛሬው ጽሑፍ ዓላማ ነው። ብሮንዚን መቀየር የሥራው ትንሹ ክፍል ነውና። ትልቁ ክፍል መለካት ነው፤ ከመለካትም በፊት አሮጌው ብሮንዚን በምን ምክንያት እንደ ሞተ መጠየቅ ነው።

ነገሩ በዛሬው ጊዜ የበለጠ ክብደት አግኝቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከፍ ያለ ግብር ጣለ። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ተገለጠ። በኤሌክትሪክ የምትሄደው መኪና ክራንክ ሻፍት የላትም፤ ሞተሯ በኩሽኔታ ላይ ስለሚሽከረከር የብሮንዚን ጣጣ አያውቃትም። ይሁን እንጂ ቀድመው የገቡት የነዳጅ መኪናዎች ገና ብዙ ዓመት ሕዝብና ዕቃ ያመላልሳሉ። ትናንት «ሸጬ ሌላ እገዛለሁ» ይል የነበረው ባለ መኪና ዛሬ ሞተር ማሳደስ ግድ ሆኖበታል።

ብሮንዚን ስሙን ያገኘው፣ እንደ ካምቢዮ፣ እንደ ፍሪሲዮንና እንደ ቴስታታ ሁሉ፣ ከጣልያን ቋንቋ ነው። ስሙ ነሐስን ቢያስታውስም የዛሬው ብሮንዚን የተለያዩ ብረቶች ንብብር ነው። ጀርባው ቀጭን አረብ ብረት ሲሆን በላዩ የመዳብና የእርሳስ ወይም የአሉሚኒየምና የቲን ቅልቅል ይለበጥበታል፤ በብዙዎቹም ላይ ከዚያ በላይ እጅግ የሳሳ ሌላ ልባስ አለ። በጠቅላላው ውፍረቱ ከ2 ሚሊ ሜትር እምብዛም አያልፍም። ፒስተኑን የሚገፋውን ኀይል ወደ ዙር የሚለውጠው ክራንክ ሻፍት በሞተሩ አካል ላይ የሚያርፍባቸው፣ ቢየላዎቹም የሚታሰሩባቸው ክብ ክፍሎች አሉት፤ እነዚህን ለጊዜው «አንገት» ብለን እንጥራቸው። ብሮንዚን እነዚህን አንገቶች የሚያቅፍ ግማሽ ቀለበት ነው። አራት ሲሊንደር ባለው በተለመደው የዛሬ ሞተር 5 ዋና አንገቶችና 4 የቢየላ አንገቶች ይገኛሉ፤ እያንዳንዱ በሁለት ግማሽ ስለሚታቀፍ በጠቅላላው 18 ግማሾች ይሆናሉ ማለት ነው።

ለምን ለስላሳ ብረት ተመረጠ? ዘንጉ እንዲድን እርሱ እንዲጎዳ ነው። አይዛክ ባቢት የተባለ አሜሪካዊ በ1839 እ.ኤ.አ. ከቲን፣ ከአንቲሞኒና ከመዳብ የተቀመመ ለስላሳ ብረት ለማሽን ዘንጎች ማቀፊያ እንዲሆን አቀረበ። በዘይት ውስጥ የገባች ጥቃቅን ጠጠር በጠንካራ ብረት መካከል ብትሆን ዘንጉን ትፍቀው ነበር፤ በለስላሳው ላይ ስትወድቅ ግን ትሰምጥና ትቀበራለች። በጥንቶቹ አውቶሞቢሎች ይህ ብረት ቀልጦ በቦታው ይፈስስና ባለ ሙያው ቀኑን ሙሉ በመፋቂያ እየፋቀ ከአንገቱ ጋር ያስማማው ነበር። ዛሬ ፋብሪካ ልኩን ጨርሶ ስለሚልከው መካኒኩ መፋቅ የለበትም። መፋቅ ቀረ እንጂ መለካት ግን አልቀረም።

አሁን ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። አንድ ሲሊንደር ወርዱ 8 ሴንቲ ሜትር ቢሆን የፒስተኑ ራስ ስፋት 50 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ነዳጁ ሲቃጠል በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 50 ኪሎ ግራም ቢገፋ፣ ይህም ለቤንዚን ሞተር የተጋነነ ቁጥር አይደለም፣ በአንድ ቅጽበት 2500 ኪሎ ግራም ይሆናል። 25 ኩንታል ጤፍ ማለት ነው! ሞተሩ በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር ይህ 25 ኩንታል በእያንዳንዱ የቢየላ ብሮንዚን ላይ በሴኮንድ 25 ጊዜ ይወድቅበታል። የናፍጣ ሞተርማ ከዚህ ይብሳል። እንዲህ ያለ ዱላ የሚቀበል 2 ሚሊ ሜትር የማይሞላ ለስላሳ ብረት እንደምን ብዙ ዓመት ሊኖር ቻለ?

ምስጢሩ ዘንጉና ብሮንዚኑ ፈጽሞ የማይነካኩ መሆናቸው ነው። ይህን በግልጥ ያሳየው ቢቻም ታወር የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነው። በ1883 እ.ኤ.አ. በባቡር ፉርጎ ዘንግ ላይ እንዳለው ያለ ግማሽ ማቀፊያ አዘጋጅቶ የሰበቃውን ኀይል ሲመረምር፣ ዘይት ማጠጫ እንዲሆነው በማቀፊያው አናት ላይ ቀዳዳ በሳ። ማሽኑ ሲንቀሳቀስ ግን ዘይቱ በቀዳዳው ወደ ላይ እየገነፈለ ወጣ። በቡሽ ቢወትፈው ቡሹን ተፋው፤ በእንጨት ቢወትፈው እንጨቱንም ተፋው። በመጨረሻ የግፊት መለኪያ ቢያስርበት መርፌው ከአማካዩ ጫና እጥፍ በላይ አመለከተ። በ1886 እ.ኤ.አ. ኦስቦርን ሬይኖልድስ፣ የምህንድስና ተማሪ ሁሉ በፈሳሽ ትምህርት ስሙን የሚያውቀው ያው ሬይኖልድስ፣ ምክንያቱን በስሌት አስረዳ። ዘንጉ ሲዞር ዘይቱን እየጎተተ እንደ ሽብልቅ ወደ ጠባቡ ቦታ ያስገባዋል፤ ሽብልቁም ዘንጉን ከነጭነቱ ያነሣዋል። የዘይት ፓምፑ ሥራ ዘይቱን ማቅረብ ብቻ ሲሆን ጭነቱን የሚሸከመው ግፊት የሚወለደው ከዙሩ ነው። ከመጠን በላይ ሰው አሳፍሮ ሞተሩን በከፍተኛ ማርሽ ዳገት ላይ የሚያስጨንቅ ሾፌር ብሮንዚኑን የሚገድለውም ስለዚህ ነው፤ ዙሩ አነስተኛ፣ ጭነቱ ከባድ ሲሆን ሽብልቁ ይሳሳል።

ዘይቱ እንዲህ እንዲሠራ በአንገቱና በብሮንዚኑ መካከል የታወቀ ክፍተት ሊኖር ይገባል። 50 ሚሊ ሜትር ወርድ ላለው አንገት 0.05 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሁን የሚል የቆየ ደንብ አለ፤ በዘመኑ ትናንሽ ሞተሮች ከዚያም ያንሳል። የሰው የራስ ፀጉር ውፍረት 0.07 ሚሊ ሜትር ያህል መሆኑን ስናስብ ነገሩ ምን ያህል ረቂቅ እንደ ሆነ ይገባናል። ክፍተቱ ከጠበበ ዘይት አይገባም፣ ብሮንዚኑ ይቃጠላል። ከሰፋ ደግሞ ዘይቱ በጎን እየፈሰሰ ይባክናል። በዚህ ላይ ተማሪዎች ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ፤ ክፍተቱ እጥፍ ሲሆን በጎን የሚፈሰው ዘይት እጥፍ አይሆንም፣ በተመሳሳይ ግፊት 8 እጥፍ ይሆናል እንጂ። ስለዚህ አንዱ የሰፋ ብሮንዚን የጎረቤቱን ድርሻ ይሰርቃል፤ ጎረቤቱም በጥማት ይሞታል።

በአያት አደባባይ አቅራቢያ ካሉት ጋራዦች በአንዱ ሞተሩ የወረደ አንድ ሚኒባስ ነበር። ባለቤቱም ሾፌሩም አንድ ልጅ እግር ሰው ነው። ሞተሩ ከአምስት ወር በፊት በሌላ ስፍራ ታድሶለት ነበር። ዛሬ እንደ ገና ማንኳኳት ጀምሮ መኪናይቱ ከቆመች ሁለተኛ ሳምንቷን ይዛለች፤ በየቀኑ ገቢ ለሚኖር ቤተ ሰብ ሁለት ሳምንት ምን ማለት እንደ ሆነ መግለጥ አያስፈልግም።

«ጋሼ፣ ብሮንዚኑ እኮ አዲስ ነበር፤ ሶማሌ ተራ ሄጄ ገዝቼ ያመጣሁት ራሴ ነኝ» ይላል ልጁ።

«አዲስነቱን ማን ካደህ? አንገቱስ አዲስ ነበር ወይ?» አሉት ሽበታሙ መካኒክ።

መካኒኩ ወዲያው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። የወጡትን ብሮንዚኖች በካርቶን ላይ በየተራቸው ደረደሯቸው፤ የላይኛው ግማሽ ከላይ፣ የታችኛው ከታች፣ የየሲሊንደሩ ቁጥርም በጠመኔ ተጽፎበታል። ይህ ድርድር ከሁሉ የሚበልጥ ሥራ ነው፤ ብሮንዚኖቹ ከተደባለቁ የሚመሰክሩት ነገር የለም። በቢየላ ብሮንዚን ላይ የቃጠሎውን ዱላ የሚቀበለው የላይኛው ግማሽ ስለ ሆነ፣ በዋናዎቹ ላይ ደግሞ የታችኛው ስለ ሆነ፣ እነዚያ ይበልጥ ቢያበሩ ያስደንቅ አይደለም። የአንዱ ብሮንዚን አንድ ጠርዝ ብቻ ቢበላ ቢየላው ጠሟል ወይም አንገቱ ወደ አንድ በኩል ቀጥኗል ማለት ነው። ሁሉም አንድ ላይ ቀልጠው ቢገኙ ዘይት አልደረሳቸውም፤ የዘይት መሳቢያው ወንፊት ይመርመር። የሚኒባሷ ግን ሌላ ነበር። ሦስተኛው ቢየላ ላይ መዳቡ ቀይ ሆኖ ወጥቷል፤ በቀሩት ፊት ላይ ደግሞ ጥቃቅን የሚያብረቀርቁ ነጠብጣቦች ተሰክተዋል። «ይኸ የድሮው ብሮንዚን ብናኝ ነው» አሉ ሰውየው። በመጀመሪያው ጥፋት ጊዜ የተፋቀው ብረት በክራንክ ሻፍቱ የዘይት መሄጃ ቀዳዳዎች ውስጥ ተቀምጦ ቆየ፤ ያደሱት ሰዎች ስላላጠቡት አዲሱን ብሮንዚን እርሱ ተቀበለው። ሦስተኛው አንገት ደግሞ በሚክሮሜትር ሲለካ በአንድ አቅጣጫ ከሌላው በ0.06 ሚሊ ሜትር ያንሳል። ሞላላ ሆኗል ማለት ነው። ሞላላ አንገት ላይ ክብ ብሮንዚን ቢታሰር በአንድ በኩል ይጠብባል፣ በሌላው ይሰፋል፤ አዲስ መሆኑ ምንም አይረዳውም።

የሬይኖልድስን ስሌት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ፈትቶ የተመረቀ ወጣት በአገራችን ብዙ ነው። የተበላ ብሮንዚን በእጁ ይዞ የመረመረ ስንቱ ይሆን? ሽበታሙ መካኒክም በበኩላቸው የሬይኖልድስን ስም ሰምተው አያውቁም ይሆናል፤ ነገር ግን ሦስተኛውን አንገት ገና ሳይለኩት ጠርጥረውታል።

አንገት ሲለካ በአንድ ቦታ ብቻ አይለካም። በሁለቱ ጫፎቹ በኩል፣ በእያንዳንዱም ላይ በሁለት በተሻገሩ አቅጣጫዎች መለካት አለበት፤ ሞላላነቱና ወደ አንድ በኩል መቅጠኑ የሚታወቀው በዚህ ነው። ልኩን ካጣ ክራንክ ሻፍቱ ወደ ቶርኖ ቤት ይሄድና አንገቶቹ እንደ ገና ተሞርደው ክብ ይሆናሉ፤ በቀጠኑትም ልክ ወፈር ያለ ብሮንዚን ይገዛላቸዋል። ገበያ ላይ ብሮንዚኑ 0.25፣ 0.50፣ 0.75 እየተባለ ይሸጣል። እዚህ ላይ አንዳንድ ሰው ይሳሳታል። 0.25 ማለት የአንገቱ ወርድ በ0.25 ሚሊ ሜትር ቀንሷል ማለት ነው እንጂ እያንዳንዱ ግማሽ በ0.25 ወፍሯል ማለት አይደለም፤ እያንዳንዱ የሚወፍረው በ0.125 ብቻ ነው። ቅደም ተከተሉም ይከበር፤ ብሮንዚኑ በእጅ ሳይገባ ክራንክ ሻፍቱን ማስሞረድ ኋላ ልኩ ገበያ ላይ የጠፋ ዕቃ ፍለጋ መንከራተትን ያስከትላል። በቶዮታ ሞተሮች ላይ ደግሞ ሳይሞረድም ቢሆን አንድ ወጥ ልክ የለም። በብሎኩና በክራንክ ሻፍቱ ላይ ትናንሽ ቁጥሮች ተቀርጸው ይገኛሉ፤ ሁለቱ ተደምረው ለዚያ አንገት የሚስማማውን የብሮንዚን ቁጥር ይሰጣሉ። ቁጥሮቹን በብሩሽ አጽድቶ ማንበብ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ለመለካት ጊዜ የሚያጥረው ሰው የሚያደርጋቸው የታወቁ ብልሃቶች አሉ፤ በየትኛውም አገር ጋራዥ አይጠፉም። አንደኛው ከብሮንዚኑ ጀርባ የሲጋራ ወረቀት ወይም የቆርቆሮ ቅራፊ ከትቶ ማጥበብ ነው። ወረቀቱ ሙቀቱ ወደ ብሎኩ እንዳያልፍ ይከለክላል፤ ብሮንዚኑም በመቀመጫው ላይ አይረጋም። ሁለተኛው ክዳኑን በሞረድ ፍቆ ማጥበብ ነው። ክዳኑ አንድ ጊዜ ከተፋቀ ቀዳዳው ክብነቱን ያጣል፤ ከዚያ ወዲያ የትኛውም ብሮንዚን ልኩ አይሆንም። ሦስተኛው የባሰ ነው፤ ብሮንዚኑ በመቀመጫው ላይ ሲቀመጥ ጫፎቹ በጥቂቱ ከፍ ብለው ሲታዩ «ተርፏል» ብሎ መሞረድ። ያ ትርፍ ሆን ተብሎ የተተወ ነው! ክዳኑ ሲጠብቅ ሁለቱን ግማሾች እርስ በርስ ገፍቶ ከመቀመጫቸው ጋር የሚያጣብቃቸው እርሱ ነው፤ ሲሞረድ ብሮንዚኑ ከዘንጉ ጋር አብሮ ይዞራል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ነው።

አሁን ወደ መግጠሙ እንለፍ። ከሁሉ በፊት ንጽሕና ነው፤ ብሮንዚን የሚሠሩ ፋብሪካዎች ለብሮንዚን መሞት ምክንያቶችን ሲዘረዝሩ ቆሻሻን በመጀመሪያ ያስቀምጡታል። አያትን የሚያውቅ ሁሉ በበጋ የሕንፃ ሥራው አሸዋና የመንገዱ አቧራ እንዴት እንደሚነሣ ያውቃል፤ በዚያ ንፋስ ውስጥ በሜዳ ላይ ሞተር መግጠም ብሮንዚኑን አሸዋ ማጉረስ ነው። የዘይት መሄጃዎቹ በብሩሽ፣ በነዳጅና በአየር ግፊት ይጠረጋሉ። የብሮንዚኑ ጀርባና መቀመጫው ደረቅና ንጹሕ መሆን አለባቸው፤ ዘይት የሚቀባው ፊቱ ብቻ ነው። ትንሿ ምላሱ በጎድጓዳዋ ውስጥ ትገባለች፤ የዘይት ቀዳዳው ከብሎኩ ቀዳዳ ጋር መግጠሙ በዓይን ይረጋገጣል። ክራንክ ሻፍቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት የሚይዙት ግማሽ ጨረቃ የመሰሉት ብረቶች የተቦረቦረ ፊታቸው ወደ ክራንክ ሻፍቱ ጉንጭ መዞር ይገባዋል፤ በተቃራኒው የገቡ እንደ ሆነ ዘይት ያጣሉ።

ዘይት ከመቀባቱ በፊት ግን ክፍተቱ ይለካል። ፕላስቲጌጅ የሚባል እንደ ሰም ለስላሳ የሆነ ቀጭን ክር አለ። በደረቁ አንገት ላይ በቁመቱ ይጋደማል፤ ክዳኑ በልኩ ይጠብቃል፤ ዘንጉ ሳይንቀሳቀስ ክዳኑ እንደ ገና ይፈታል። የተዳጠው ክር ስፋት በማሸጊያው ላይ ከታተመው መለኪያ ጋር ሲተያይ ክፍተቱ ይነበባል፤ ክሩ የሰፋ እንደ ሆነ ክፍተቱ ጠባብ ነው፤ የጠበበ እንደ ሆነ ደግሞ ሰፊ ነው። ሚክሮሜትር ለሌለው ሰው ትልቅ ረዳት ነው። ያለው ሰውም ቢሆን ለማረጋገጫ አይንቀውም።

ክዳኖቹ እያንዳንዳቸው ቁጥርና የአቅጣጫ ቀስት አላቸው፤ ተቀያይረው መግባት የለባቸውም። ቡሎኖቹ በክንድ ግምት አይጠብቁም፤ ቶርክ ሬንች በሚባለው ልክ ባለው መፍቻ፣ ከመካከል ወደ ዳር፣ በሁለት በሦስት ዙር እየተረገጡ ይጠብቃሉ እንጂ። በብዙ የዘመኑ ሞተሮች የመጨረሻው ማጥበቂያ በማዕዘን ይሰጣል፤ እነዚህ ቡሎኖች ስለሚለጠጡ ርዝመታቸው ይለካል ወይም በአዲስ ይተካሉ። አንድ ክዳን በጠበቀ ቁጥር ክራንክ ሻፍቱ በእጅ ይዞራል። በአንደኛው ክዳን ላይ እንቢ ካለ ጥፋቱ እዚያው ነው፤ ሁሉም ከታሰሩ በኋላ እንቢ ካለ ግን የትኛው እንደ ሆነ ለማወቅ ሁሉንም መፍታት ነው።

የመሥሪያ ቤት መኪና ስትታደስ ሒሳቡን የሚፈርሙ ወጣት ሹማምንት ከአንባቢዎቻችን መካከል አሉ። ደረሰኙ ላይ «ብሮንዚን 1 ሙሉ ዕቃ፣ የእጅ ሥራ» ተብሎ ይጻፍና ያልፋል። የዘጠኙ አንገቶች ልክ፣ ከመሞረዱ በፊትና በኋላ፣ እንዲሁም የተገኘው ክፍተት በአንዲት ወረቀት ላይ ተጽፎ ከደረሰኙ ጋር ይያያዝ ቢባል ማንንም አይጎዳም። ይህን ወረቀት ለመስጠት የሚያመነታ ጋራዥ አልለካም ማለት ነው።

ሞተሩ ታስሮ ካለቀ በኋላ በችኮላ አይነሣም። ነዳጁ ተቋርጦ፣ የቤንዚን ከሆነም እሳቱ ጭምር ተነቅሎ፣ በማስነሻው ብቻ በአጫጭር ጊዜ እያረፉ ማዞር ይገባል፤ የዘይት ግፊት መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ። ደረቅ ብሮንዚን ላይ የተነሣ ሞተር በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ የአንድ ወር ሥራ ሊያበላሽ ይችላል። ከተነሣም በኋላ ለመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች ከባድ ጭነትና ዝቅተኛ ዙር አይስማማውም። ሽበታሙ መካኒክ ከ1000 ኪሎ ሜትር በኋላ ዘይቱን ያስቀይራሉ፤ የወጣውንም ፊልትሮ ቆርጠው ወረቀቱን በነጭ ጨርቅ ላይ ይዘረጉና ፀሐይ ላይ አድርገው ያዩታል። የመዳብ መልክ ያለው ብልጭታ ከታየ የዘይቱ ገንዳ እንደ ገና ይወርዳል። ካልታየ አዲስ ፊልትሮ ታስሮ፣ አዲስ ዘይት ተጨምሮ መኪናይቱ ወደ ተራዋ ትመለሳለች።